ከቱላ ፒያሳ በባጃጅ፦ ርካሹ ቤት ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ተዛውሬ ሐዋሳ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ እስካሁን ዘመድ ቤት ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ፒያሳ ነው። ደላላ ቱላ አቅጣጫ አዲስ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ6,000 ብር አሳየኝ፣ ሽንት ቤቱም ለብቻ ነው። ፒያሳ አጠገብ ያገኘሁት ግን አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ 9,500 ነው፣ እሱም ከአራት ተከራይ ጋር። መኪና የለኝም። የሩቁ ቤት አከራይ የ6 ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። ልክፈል ወይስ ልተወው?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አትክፈዪ።

ቤቱን ያየሽው ቀን ከሆነ ገና አላየሽውም። ቀን የትም ሰፈር ባጃጅ አይጠፋም። አንድ ቀን አምሺና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ልክ እዚያ እንደምትኖሪ ሆነሽ፣ ከፒያሳ ተነሺ። ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ላይ እስካለሽ ድረስ ብዙ አትቸገሪም፣ ጉዱ ያለው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስትገቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት ባለባጃጁ ሰው እስኪሞላለት አይጠብቅም፣ "ኮንትራት ነው" ይልሻል፣ አንቺም ጨለማውን አየት አድርገሽ ትከፍያለሽ። ደላላው "ከአስፋልት 5 ደቂቃ ናት" ብሎሽ ይሆናል። የደላላ 5 ደቂቃ በሞተር ነው።

እስቲ እንደምረው። ጠዋት ሁለት ቦታ ተሳፍረሽ 40 ብር፣ ማታ ኮንትራት 150 ብር እንበል። በቀን 190 ነው። 26 ቀን ከሠራሽ 4,940። ከኪራዩ ጋር 10,940 ብር! ዋጋውን በግምት ነው ያስቀመጥኩት፣ አንቺ በእጅሽ የከፈልሽውን ተኪበት።

ጭቃውን ደግሞ አልቆጠርነውም። እኔ አንድ ዓመት ከተማ ዳር ተከራይቼ ነበር። ክረምት ሲገባ ባጃጆቹ ወደ ውስጥ መግባት ተዉ። የቢሮ ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ በላስቲክ ጫማ እየተንሸራተትኩ አስፋልት እወጣና አንዲት ሱቅ በር ላይ እቀይር ነበር። በኋላማ ባለሱቋ ስታየኝ ውሃ በጆግ ይዛ ትወጣ ጀመር።

የ6 ወሩን ነገር በተመለከተ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። ክልል ላይ የሚሠራው ግን ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመደራደርሽ በፊት ክፍለ ከተማ ጎራ ብለሽ ጠይቂ። ገንዘቡን በባንክ አስገቢ። "በእጅ ስጪኝ" የሚል አከራይ እኔ አልወድም።

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የብቻ፣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤት ጠይቂ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ካገኘሽ ሁሉንም ትነግርሻለች።

እኔ ብሆን ሁለቱንም ለጊዜው እተውና መሃል ላይ፣ ከዋናው አስፋልት በእግር የሚደረስ ቤት እፈልጋለሁ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ከቻልሽማ ርቀቱ ቀርቶ የሚያሳስብሽ ብስክሌቱን ማታ የት እንደምታስገቢው ነው። አከራዩን እሱንም ጠይቂ፣ በረንዳ ላይ ማሳደር የማይፈቅዱ አሉ።