መልስ፦ የቦርሳው ቀለም ልብስ ላይ ይለቃል

እህቴ፣ ቡናማ የቀባሽው የቆዳ ቦርሳ የደንበኛሽን ነጭ ሸሚዝ አበላሸ፣ የቀረጽሽው አበባም ደበዘዘ ብለሻል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የሚለቀው ቆዳው ሳይጠጣው ላዩ ላይ የቀረው ቀለም ነው። በአልኮል የተሠራ ቀለም ሲደርቅ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ይተዋል። 24 ሰዓት አሳድሪውና በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ፈትጊው፤ ጨርቁ ምንም ሳይነካው እስኪወጣ ድረስ። ክንድ ያዝላል፤ ግን ይህን ከዘለልሽ ከላይ የምትቀቢው ሁሉ ብዙም አያድንሽም። (እኔ ቸኩዬ የገዛ ጋቢዬን አበላሽቻለሁ።) ከዚያ ቀለሙ ያደረቀውን ቆዳ ጥቂት ዘይት አጠጪውና ሌላ ቀን ይደር። በመጨረሻ አክሪሊክ ማሸጊያውን (ሲደርቅ ቀለሙን የሚሸፍን ፈሳሽ) በእኩል ውሃ አቅጥነሽ በስፖንጅ ሁለት ስስ ዙር ቀቢ። ወፍራም ከሆነ ቦርሳው ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል፣ እንደ ፕላስቲክም ያብለጨልጫል። ማንገቻውን በተለይ አትርሺ፤ ከልብስ ጋር የሚፋተገው እሱ ነው።

ስለ ቅርጹ፣ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ቆዳ ወስደሽ የተቆረጠውን ጠርዝ መሃል እዪ። ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ በክሮም (በማዕድን ጨው) የለፋ ነው፤ ቅርጽ በደንብ አይዝም፣ ቀለሙን አትውቀሺ። በዕፅዋት የለፋ ከሆነ ግን ይስተካከላል፦ አንድ ዙር ማሸጊያ ቀብተሽ ሲደርቅ ጠቆር ያለ አንቲክ ቅባት (ቅርጹን የሚያጎላ ወፍራም ቀለም) የቅርጹ ጉድጓዶች ውስጥ አስገቢ፣ ላዩን ወዲያው ጥረጊ፣ ሲደርቅ እንደገና አሽጊ። መጀመሪያ ቁርጥራጩ ላይ ሞክሪው።