የጠፋው የሩት የይለፍ ቃል

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና የተጫነበት አንድ ሰርቨር አለ። ሲያስተዳድረው የነበረው ባልደረባችን ሥራ ሲለቅ የሩትን፣ ማለትም በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን መለያ፣ የይለፍ ቃል ለማንም አላስረከበም። መረጃው ሳይጠፋ ቃሉን ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሲስተሙ የሚያስቀምጠው ቃሉን ራሱን ሳይሆን ወደ ኋላ የማይመለስ ምስጥር አሻራውን ብቻ ስለሆነ፣ የቀድሞውን ቃል ከፋይሉ አንብቦ ማውጣት አይቻልም። በአዲስ መተካት ግን ይቻላል፤ መረጃውም አይነካም።

ሰርቨሩ ላይ ኪቦርድና ስክሪን አገናኝተው እንደገና ሲያስነሱት፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የግራብ፣ ዝርዝር ብቅ እንዳለ ኢ (e) የተባለውን የላቲን ፊደል ይጫኑ። «ሊኑክስ» (linux) በሚል ቃል በሚጀምረው ረጅም መስመር መጨረሻ ላይ፣ በላቲን ፊደል፣ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» (init=/bin/bash) ብለው ጨምረው ኮንትሮልንና ኤክስን አንድ ላይ ሲጫኑ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ በሩት ሥልጣን ትእዛዝ መስጠት ይችላሉ። (የሰርቨር ክፍል በር ለምን እንደሚቆለፍ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።) ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ዲስኩ በዚህ ጊዜ የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ለንባብ ብቻ በመሆኑ፣ በማውንት ትእዛዝ ለጽሕፈትም እንዲከፈት ካላደረጉ አዲሱ ቃል አይመዘገብም። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ትእዛዝ ሰጥተው አዲሱን ቃል ሁለት ጊዜ ያስገባሉ፤ ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም፣ አይደንግጡ።

ዲስኩ በሉክስ፣ ማለትም በሊኑክስ የዲስክ ማመስጠሪያ፣ የተመሰጠረ ከሆነ ግን ያለ ምስጢር ቁልፉ ይህ መንገድ አያስገባዎትም።