ፈረስ ጉልበት ለሚያማልላችሁ ወጣት ሹፌሮች

በቅርቡ አንድ ወጣት ሹፌር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ድርጅታችን አዳዲስ የጭነት መኪና ሊያስገባ ነው። ምርጫው ባለ 500 እና ባለ 770 ፈረስ ጉልበት ላይ ቆሟል። እኛ ለሁለት ተከፍለን ስንጨቃጨቅ እንውላለን። እውነት ያን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል? እርስዎስ ጭነው ነድተውት ያውቃሉ?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ሒሳብ ነው፤ ይመለሳል። የከበደኝ ሁለተኛው ነው። ብዙ ዘመን በሹፌርነት፣ ከዚያም በአሰልጣኝነት ስኖር ስለ ጉልበተኛ መኪና ያላልኩት ነገር የለም። ጭኜ ነድቼው ግን አላውቅም። ዕድሉ ስላልቀረበልኝ አይደለም፤ ቀርቦልኛል።

ክርክሩ በእናንተ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 የስዊድኑ መኪና ሠሪ ስካኒያ 14 ሊትር የሆነውን ቪ8 ሞተሩን (ስምንት ሲሊንደር በሁለት ረድፍ በV ቅርጽ የተደረደረበትን) ሲያወጣ 350 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ነው። ዛሬ 350 ይዛችሁ ሙሉ ተሳቢ ጎትቱ ብትባሉ ፊታችሁ ይጠቁራል። በ1987 ሌላው የስዊድን መኪና ሠሪ ቮልቮ በ16 ሊትር ሞተር ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተፎካከሩ መጥተው በ2020 ስካኒያ 770፣ በ2024 ደግሞ ቮልቮ 780 ላይ ደረሱ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የሹፌሩም ጭቅጭቅ አብሮ ይጨምራል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

የተራራው መንገድ በናዳ ተዘግቶ፣ እስኪጠረግ ድረስ ግርጌው ላይ ተደርድረን ቆመናል። መንገድ የተዘጋበት ሹፌር ደግሞ ከወሬ ሌላ ሥራ የለውም። ከፊታችን አንድ ቪ8 ቆሟል፤ 500 ፈረስ ጉልበት፣ በጊዜው ብርቅ። ባለቤቱም ሹፌሩም አንድ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም። ወሬው የተጀመረው በድምፁ ነው። ያኔ አብሮኝ የሚሠራ ረዳት ነበረኝ፤ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ የሚያልፈውን መኪና ዓይነት በድምፁ ብቻ ይነግራችኋል። ስድስቱ ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ሞተር ድምፁ እኩል ነው፤ ቪ8 ግን ያጉረመርማል። ልጁ በዚህ ጉዳይ ተሳስቶ አያውቅም። ብዙ ጊዜ እኔ መኪናዬ ታማለች ሳልል እሱ «ኢንጀክተሩ ልክ አይደለም» ይለኛል፤ ሲፈተሽም እንዳለው ይሆናል። በኋላ መካኒክ ሆነ፤ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።

ወሬው ከድምፅ ወደ ጥቅም ዞረ። እኔ ሒሳብ እወድ ነበር። የጭነት ማስረከቢያ ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጠቅላላ ክብደት 40 ቶን፣ ዳገቱ 6 በመቶ፣ ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር። ይህን ጭነት በዚህ ዳገት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለማውጣት ጎማው ላይ ወደ 490 ፈረስ ጉልበት መድረስ አለበት። ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚበሉትን ቀንሼ ሳሰላው የእኔ 340 ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የሽማግሌው 500 ደግሞ 46 አካባቢ ይሄዳል። የእኔ 19 ደቂቃ፣ የሱ 13። «ስድስት ደቂቃ!» አልኩ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ። «ይህ ሁሉ ብረት፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለስድስት ደቂቃ!» ሰዉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

ሽማግሌው እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው። «ሒሳብህ ልክ ነው» አለኝ። ከዚያ «ዳገት ስትወጣ ዓይንህ የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አርፒኤሙ፣ የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ ላይ ነዋ። ዙሩ ሳይወድቅ ማርሽ መቀነስ አለብኝ።»

«የእኔ መስታወቱ ላይ ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «መንገዱ ሲከፈት የእኔን አንተ ንዳው። እኔ ያንተን ይዤ እከተልሃለሁ። ላይ ስንደርስ ትነግረኛለህ።»

ጸጥ አለ። ሁሉም እኔን ያያል። በወረቀት ረትቼ ሳበቃ በቁልፍ ልረታ? «የሰው ንብረት አልነካም» አልኩ። ጨዋ የሚያስመስል መልስ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም። እሱም ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

መንገዱ ተከፍቶ ስንነሳ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ከዓይኔ ጠፋ። እኔ ከኋላ ማርሽ ስቀንስ፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ፣ ሞተሩን ሳዳምጥ፣ የውኃውን ሙቀት ሳይ ተያያዝኩት። አንዱ መታጠፊያ ላይ ማርሹ አልገባ ብሎኝ መኪናው ሊቆም ትንሽ ቀረው። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ እንደምንም ሳስገባ አንዲት ትንሽ መኪና ከጎኔ ብቅ አለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም። ለካ እየደረበችኝ ነበር። እኔ አርፒኤሙን ስጠብቅ እሷ ከየት ጀምሮ መስታወቴ ውስጥ እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም። ምንም አልተፈጠረም፤ አልፋ ሄደች። ላቤ ግን እስከ ጫፉ ድረስ አልደረቀም።

ላይ ስደርስ ሽማግሌው ቆሞ ጎማውን በእጁ እየዳሰሰ ነበር። ገና ከቤቱ የወጣ ይመስላል። «ቁልቁለቱን እንኳ ንዳው» አለኝ። ያኔ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። «ለሌላ ጊዜ» አልኩት። ሌላ ጊዜ አልመጣም። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ መንዳት አቆመ፤ መኪናው ተሸጠ ሲሉም ሰማሁ። አሰልጣኝ ሆኜ ከአንድ አስመጪ መሞከሪያ ቦታ ላይ ቪ8 የመንዳት ዕድል ደርሶኛል፤ ባዶ መኪና፣ ሜዳ ላይ። ባዶውን ሜዳ ላይ መንዳት ስለ ጉልበት ምንም አይነግርም። እንዲያም ሆኖ ለሠልጣኞቼ ጉልበት ጉራ ነው እያልኩ ዓመታት አስተማርኩ።

ሽማግሌው ያለውን በቁጥር ላሳያችሁ። የዛሬው የስካኒያ 770 በደቂቃ ከ1000 ዙር ጀምሮ 3700 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል፣ ይሰጣል። በ1000 ዙር ሲሰላ ወደ 527 ፈረስ ጉልበት ነው። አንድ ባለ 500 ሞተር በዚያው 1000 ዙር 2550 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ ወደ 363 ይሆናል። እንግዲህ ባለ 770ው ገና በ1000 ዙር የሌላውን ሙሉ ጉልበት አልፎታል ማለት ነው። ዳገቱ ሲጀምር ባለ 500ው ማርሽ ቀንሶ ዙር ይፈልጋል፤ ያኛው ባለበት ይቀጥላል። ለዓይን የተረፈው ጊዜ ይኸው ነው። እኔ ወረቀቱ ላይ ደቂቃ ብቻ ነበር የቆጠርኩት።

ሆኖም ራሴን ልቃወም። የሽማግሌው ክርክር በያኔው መኪና የሚያሸንፈውን ያህል በዛሬው አያሸንፍም። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2001 አይ-ሺፍት የሚባለውን ካምቢዮ ካወጣ ወዲህ ማርሽ መቀያየሩ የኮምፒውተር ሥራ ሆኗል። እናንተ ፍሪሲዮን እግራችሁን አላሳበጠውም፤ ሁለቴ መርገጥ ምን እንደሆነ የምታውቁትም ጥቂቶች ናችሁ። ይህን ስል ለትችት ነበር፤ ግን ባለ 500 ይዞ ዓይኑን መስታወት ላይ ማሳረፍ የሚችል ልጅ ከያኔው ከእኔ ይሻላል። ዓይኑን ስልኩ ላይ ካላሳረፈ ማለቴ ነው።

ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሹፌር ክርክሩ ባዶ ነው። የፍጥነት ገደብ መሣሪያው 90 ላይ ይይዛችኋል እንበል፤ 40 ቶን በደልዳላ መንገድ በዚያ ፍጥነት ለመጓዝ ከ150 ፈረስ ጉልበት ብዙም አይፈልግም። የቀረው ጉልበት ተኝቶ ይጓዛል። ትልቁ ሞተር ራሱም ከባድ ስለሆነ የሞተሩ ክብደት ከጭነታችሁ ላይ ይቀነሳል።

አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ትስታላችሁ። ያን ግዙፍ ሞተር ለማን እንደሠሩት ጠይቁ። ፊንላንድ ከ2013 ጀምሮ እስከ 76 ቶን ትፈቅዳለች፤ ስዊድን ከ2018 ወዲህ በተወሰኑ መንገዶቿ 74 ቶን። ባለ 780 መኪና 76 ቶን ሲጎትት ለአንድ ቶን የሚደርሰው 10 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። እናንተ በ500 የምትጎትቱት 40 ቶን ለእያንዳንዱ ቶን 12 ተኩል አለው። ታዲያ ማን ነው ጉልበተኛው? ለዚህ ነው የፈረስ ጉልበቱን ብቻ ነግሮኝ የጭነቱን ክብደት የማይነግረኝን ሹፌር የማልሰማው።

ጎማም ገደብ አለው። በአንድ ነጂ አክስል ላይ 11 ተኩል ቶን አርፎ መንገዱ ሲያንሸራትት፣ 40 ቶኑን 6 በመቶ ዳገት ላይ ለማንቀሳቀስ የሚፈለገውን መጨበጥ ጎማው ላይሰጥ ይችላል። ያኔ 500 ሆነ 780 ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ጉልበት ሲጨምር ጎማ ቶሎ ይበላል፤ መንገድ አይጨበጥም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። እኛ ስንማር «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉን ነበር፤ እኔም ብዙ ልጆች አስተምሬበታለሁ። ደካማ መኪና ላይ ጥሩ ደንብ ነበር፤ ዳገቱን በሦስተኛ እየተንፏቀቀ የወጣ፣ በሦስተኛ ሲወርድ ሞተሩ ይይዘዋል። ባለ 770ው ግን ያንኑ ዳገት ወደ 70 በሚጠጋ ፍጥነት፣ በከፍተኛ ማርሽ ወጥቶታል። በዚያው ማርሽ ይውረድ? 40 ቶን 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ በ50 ለመያዝ ወደ 400 ፈረስ ጉልበት የሚያህል ኃይል በብሬክ መጥፋት አለበት፤ በ70 ከሆነ ከ500 ይበልጣል። ይህን በፍሬን ሸራ ብቻ ልይዝ ያለ ሰው ሸራው ይግልና መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ እግሩ ሥር እያለ መኪናው አይሰማውም። ትልቅ ሞተር የሞተር ብሬኩም ትልቅ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዳገት ላይ የለመድከው ምቾት ነው ቁልቁለት ላይ የሚያሳስትህ። ተራራው ቀላል ነበር ብለህ ትጀምረዋለህ። ሽማግሌው ቁልቁለቱን እንድነዳው የጠየቀኝ ይህን ሊያሳየኝ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ቀበቶ እሰሩ፣ ሳትተኙ አትንዱ፣ ዘይት እዩ የሚለውን አልጽፍም፤ ይህን የሚነግራችሁ ሞልቷል። ስለ እናንተ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ክርክራችሁን የምታካሂዱት በቪዲዮ ነው። ሞተር ሲጮህ ቀርጻችሁ ትለጥፉና ከሥሩ ትሰዳደባላችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትሟገቱለትን መኪና ጋቢናው ውስጥ ገብታችሁ አታውቁም። እኔ ከናንተ የምሻል ከሆነ ሒሳብ መሥራቴ ብቻ ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ወሬ በቅርቡ ሊያረጅ ይችላል። የቮልቮ ኤሌክትሪክ መኪና 490 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 666 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ቶርኩን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል፤ ሲወርድም ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ያኔ የምትጨቃጨቁት በባትሪ ክብደት ላይ ነው።

አሁን ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ ጭነትህ 40 ቶን ከሆነና ሥራህ በአብዛኛው ሜዳ ከሆነ ባለ 500ውን ውሰድ፤ ሪታርደር፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን ሸራ መኪናውን የሚይዘው መሣሪያ ያለውን። ዳገቱ የየቀን ሥራህ ከሆነ ድርጅቱ ባለ 770ውን ጭነህ አንድ ጊዜ እንድትሞክረው ጠይቅ፤ የአሻሻጩን ወረቀት አትመን፤ የእኔንም ወረቀት ጭምር። እኔን የቱን እወስድ እንደነበር ከጠየቅኸኝ ግን ባለ 770ውን ነው፤ ምክንያት አትጠይቀኝ። የዲፈረንሻሉን ሬሾ፣ ሪታርደሩ ስንት ኒውተን ሜትር እንደሚይዝና መንገድህ ላይ ያለውን ረጅሙን ቁልቁለት ጻፍልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።