«ሻከረ» ወይስ «ላላ»? አንድ የካርተር ዘመን ዓረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ «በ1969 ዓ.ም. ስለነበረው የኢትዮጵያና የአሜሪካ ግንኙነት እየጻፍኩ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገሬ ‹ፕሬዚዳንት ካርተር ማዕቀብ በመጣላቸው የጠበቀው የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ሻከረ› ይላል። አርታኢዬ ‹ሻከረ›ን ሰርዞ ‹ላላ› አደረገው። ‹የሚሻክር እንጨት ነው፤ ወዳጅነት አይሻክርም፤ ይሄ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የዜና ቋንቋ ነው› አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ አርታኢዎ ምክንያቱ ልክ አይደለም። ጆሮው ግን አንድ ነገር ሰምቷል።

ከምክንያቱ ልጀምር። «ሻከረ» ለግንኙነት ሲነገር የዜና ክፍል ፈጠራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ክርክር ለዓመታት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አልተዋጠልኝም። እናቶቻችን ከጎረቤት ጋር ቅሬታ ሲገቡ «ሆዴ ሻከረ» ይሉ የለም እንዴ? ይህን ለማለት ሬዲዮ መክፈት አላስፈለጋቸውም። ቃሉ ከእንጨት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ሆድ የተሻገረው በራሳችን አፍ ነው። ከሆድ ወደ ኤምባሲ ቢሻገር ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ጆሮው። እርስዎ «የጠበቀው ወዳጅነት ሻከረ» ብለዋል። የ«ጠበቀ» ተቃራኒ «ላላ» ነው። ሰዋስው የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፊደል ራሱ ጠብቆና ላልቶ ይነበባል። የ«ሻከረ» ተቃራኒ ደግሞ «ለሰለሰ» ነው። ገመድ ይጠብቃል፣ ይላላል። ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ይሻክራል። እርስዎ በገመድ ጀምረው በጨርቅ ጨረሱ። አርታኢዎን የቆረቆረው ይህ ነው እንጂ «ሻከረ» አይመስለኝም።

«ጠበቀ» ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቃል አይደለም። በግእዝ «ጠብቀ» መጣበቅ ነው፤ «ተጣበቀ»ም ከዚያው ነው። በአማርኛ ሁለት «ጠበቀ» አለን። «ገመዱ ይጠብቃል» ስንል «ብ» ይላላል። «ዘበኛው ይጠብቃል» ስንል ይጠብቃል። በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። ይህን ይያዙልኝ፤ «ማዕቀብ» ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ታዲያ የትኛው ግሥ ይሻላል? ይህን የሚወስነው ታሪኩ ነው። ሁለቱ ግሦች የሚሉት አንድ ነገር አይደለምና። የሚላላ ነገር ይራራቃል። የሚሻክር ነገር ግን ገና ይነካካል፤ ሻካራነት የሚታወቀው እጅ ሲያርፍበት ነው። የተለያየ ሰው አይሻከርም።

ምኒልክ ከአሜሪካው ልዑክ ከስኪነር ጋር በ1896 ዓ.ም. ውል ተፈራረሙ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ደግሞ አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያን የሚመለከተው የ25 ዓመት ስምምነት ተፈረመ። (የጣቢያው ስም ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «አባ ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። «ቃኘ» ደግሞ ሰለለም ነው፣ ክራር ቃኘም ነው። የሩቅ ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።) አሜሪካ ጣቢያውን አገኘች፣ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። ያ በእርግጥ «የጠበቀ» ነበር።

በኋላ ሳተላይት መጣ። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው የዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ላይም ሌላ የጦር ሰፈር ተሠራ። አሜሪካ ለቃኘው የነበራት ፍላጎት እየቀነሰ ሄደ። ያኔ ገመዱ ላላ። በፕሬዚዳንት ፎርድ ጊዜ ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር፤ መሣሪያው ግን አንዳንዴ ቢቆራረጥም ይመጣ ነበር። ስለዚህ «ላላ» ከካርተር በፊት የሆነ ነገር ነው። አርታኢዎ ትክክለኛ ቃል አምጥቶ የተሳሳተ ዓመት ላይ አስቀመጠው።

ካርተር የውጭ ፖሊሲያቸውን በሰብአዊ መብት ላይ እመሠርታለሁ ብለው በጥር 1969 ዓ.ም. ሥልጣን ያዙ። በዚያው ወር 26 ቀን የደርግ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገደሉና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ብቻቸውን ያዙ። በየካቲት የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ ለአርጀንቲና፣ ለኡራጓይና ለኢትዮጵያ የሚሰጠው የጦር እርዳታ እንደሚቀነስ አስታወቁ። ደርግ ሚያዝያ 15 ቀን መለሰ። ቃኘውን፣ በአስመራ የነበረውን ቆንስላ፣ የማስታወቂያ አገልግሎቱን፣ የጦር አማካሪ ቡድኑንና የባሕር ኃይሉን የሕክምና ምርምር ማዕከል እንዲዘጉ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ሞስኮ ሄዱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ እንግዲህ «ሻከረ» ነው። ሁለቱም ገና ይነካኩ ነበር፤ መነካካቱም ያሳምም ነበር።

ከዚያስ «ተቋረጠ» ይባላል? አይባልም፤ ይህን በየመጽሔቱ ሳይ አዝናለሁ። በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካው አምባሳደር እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ እንኳ ኤምባሲው አልተዘጋም። ለዓመታት በጉዳይ ፈጻሚ ደረጃ ቀጠለ። ለዚህ «ቀዘቀዘ» ይበቃል።

አሁን «ማዕቀብ»። ያልጠየቁኝ ነገር ነው፤ ግን ሳልነካው ማለፍ አልችልም። ሥሩ የግእዙ «ዐቀበ» ነው፤ ጠበቀ፣ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ ነው። ድሮ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሹም የነበረው ዐቃቤ ሰዓትም ከዚሁ ነው። ድምፀ ተዐቅቦ ድምፅን ጠብቆ ማቆየት ነው። ዕቁባትም የዚህ ቤት ልጅ ናት። ስለዚህ «ማዕቀብ» እና ዘበኛው «ጠበቀ» በትርጉም ወንድማማች ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ማዕቀብ» እና «የጠበቀ» ጎን ለጎን ቆመዋል፤ እርስዎ ሳያውቁት።

በሥሩ ከሄድን እርስዎ ልክ ነዎት። የራስን ንብረት ይዞ አለመስጠት እውነተኛው ዕቀባ ነው፤ ካርተር ያደረጉትም እሱን ነው። ዛሬ ግን አንባቢ «ማዕቀብ» ሲል የታገደ ንግድና የታሰረ የባንክ ሒሳብ ነው የሚታየው። የየካቲቱ ውሳኔ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቃሉን ብወደውም «የጦር እርዳታ ቀነሱ» ቢሉ ይሻላል።

«ማዕቀብ ጣለ»ንም አልወደውም። ጥበቃ ይቆማል እንጂ አይጣልም። «ግብር ጣለ»፣ «ቅጣት ጣለ» ከሚሉት ተቀድቶ የመጣ ነው፤ ሕዝቡ ተቀብሎታል፣ እኔም በንግግር ሲያመልጠኝ ሰምቼዋለሁ። ተሸንፌያለሁ ልበል። ግን እባክዎ «ማእቀብ» ብለው አይጻፉ። ዐይኑ «ዐ» ከጠፋ ዐቃቤ ሕግና ማዕቀብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ልጆቻችን በምን ያውቃሉ? «ሁለቱ ፊደሎች ድምፃቸው አንድ ነው፣ ምን ለውጥ አለው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ለጆሮ ለውጥ የለውም። እኔ ግን በዐይንም አነባለሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ቀድሞም የላላው የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት፣ ፕሬዚዳንት ካርተር የጦር እርዳታውን ሲቀንሱ ሻከረ።» ለአርታኢዎ ያሳዩት። «ላላ»ም አለለት።