ጠዋት ወለል የሚነካ የፍሪሲዮን ፔዳል፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

አንድ አንባቢያችን የ1994 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ሃይሉክስ አላቸው። መኪናው አድሮ ጠዋት ሲነሣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለል ድረስ ይወርዳል፤ አንደኛና የኋላ ማርሽ እየጮኹ አልገባ ይላሉ፤ ፔዳሉ ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ሲረገጥ ግን ይስተካከላል። የፍሪሲዮኑ ሸራና ሸራውን የሚጫነው ስፒንጂ ዲስክ ከሁለት ወር በፊት ተቀይረዋል፣ ፍሪሲዮኑ የሚሠራበት የፍሬን ዘይትም ከማጠራቀሚያው አልጎደለም፤ ሆኖም መካኒካቸው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እንደገና ይውረድ ብሏቸዋል።

አይውረድ። ተደጋግሞ ሲረገጥ የሚስተካከል ፍሪሲዮን ችግሩ ከሸራው ሳይሆን ከዘይቱ መስመር ነው፤ ዘይቱ ሳይጎድል ኃይል ካጣ ደግሞ ጥርጣሬዬ በቀጥታ የሚያርፈው ከፔዳሉ ጋር በተያያዘው በላይኛው ሲሊንደር፣ በማስተሩ ላይ ነው። ያለ አግባብ የተቀየረው ሸራ ያስወጣዎት ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተሩ ውስጥ የሚሄደው ፒስተን ጫፉ ላይ እንደ ሲኒ ጎድጎድ ያለ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋ ጎማ አለው። ፔዳሉ ሲረገጥ ጎሚኒው ከማጠራቀሚያው ዘይት የሚያስገባውን ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ፊቱ ያለው ዘይት መውጫ ስለሚያጣ የጎሚኒውን ከንፈር ወደ ግድግዳው ይለጥፈዋል፣ ግፊቱም ካምቢዮው አጠገብ ሆኖ ፍሪሲዮኑን ወደሚያላቅቀው ታችኛው ሲሊንደር ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ግን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት የያዘው ውሃ ግድግዳውን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ከንፈሩን ይፍቀዋል። የተፋቀና ጠዋት በብርድ የደረቀ ከንፈር ከግድግዳው ጋር ስለማይገጥም፣ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለዚህ ነው አንዲት ጠብታ መሬት ላይ የማያዩት። ፔዳሉ በተለቀቀ ቁጥር ደግሞ ከፒስተኑ ጀርባ ዘይት ወደ ፊት ስለሚያልፍ፣ ቶሎ ቶሎ ሲረግጡ የሚጨመረው ከሚሾልከው ይበልጣል፤ ፔዳሉም የዳነ ይመስላል።

ማረጋገጫው ጠዋት ፔዳሉ ከመነካቱ በፊት ይደረግ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ነጻ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በታኮ ይታገዱ። አንድ ሰው ፔዳሉን በዝግታ ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዝ፤ እርስዎ ከሥር ሆነው ከታችኛው ሲሊንደር የሚወጣውን ዘንግ በማስመሪያ ይለኩ። ዘንጉ ወጥቶ፣ እግር ሳይነሣ ቀስ እያለ ከተመለሰ፣ የታችኛው ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ጎማም ተገልጦ ውስጡ ደረቅ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ማስተሩ ነው። ዘንጉ ከመጀመሪያው አጭር ሄዶ እዚያው ከቆመ አየር ወይም ሲረገጥ የሚነፋ ያረጀ ቱቦ ይፈልጉ።

በላኩልን ፎቶ ላይ የማስተሩ ቧንቧ ብሎን ማዕዘኖቹ በፒንሳ ተበልተዋል፣ ጥርሱም ላይ ነጭ የውሃ ቧንቧ ቴፍሎን ተጠምጥሟል። ይህ ሥራ አይባልም። መገጣጠሚያው የሚዘጋው በቧንቧው ሾጣጣ ጫፍ እንጂ በጥርሱ ስላልሆነ ቴፍሎኑ ምንም አይረዳም፤ ተቆርሶም ጠባቧን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። ሁሉንም ያጽዱ፣ ብሎኑንም የቧንቧ ብሎን በሚይዝ 10 ቁጥር ቁልፍ ብቻ ይፍቱ።

ማስተሩን ሲፈቱ ጥፍርዎን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያሂዱ፤ ጥፍሩ ከያዘ ጎሚኒ መቀየር አይበቃም፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግም የሲሊንደሩን ውስጥ ያሰፋዋል፤ ሙሉ ሲሊንደር ይግዙ። ከማሸጊያው ሲወጣ እንደ ፕላስቲክ የጠጠረ ርካሽ ጎሚኒ ወር ሳይሞላው መልሶ እዚያው ያደርስዎታል፣ ስለዚህ ኦሪጅናሉ ዋጋው ቢከብድም እሱን ይምረጡ። የታችኛውንም ጎሚኒ አብረው ይቀይሩ፤ አዲሱ ማስተር ሙሉ ግፊት ሲሰጥ ያረጀው ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። የሚሞላው ዶት 3 የፍሬን ዘይት ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሻል።

ከዘይቱ መስመር አየር ሲያስወጡም እንደገና ከሥር ስለሚገቡ፣ ሞተሩ መጥፋቱንና ታኮው በቦታው መሆኑን እንደገና ይመልከቱ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። በመጨረሻም ፔዳሉን በጣትዎ ሲገፉት የማስተሩ ዘንግ ፒስተኑን እስኪነካ ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ክፍተት ከሌለ ጠባቧ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀርና አዲሱ ሸራ ይንሸራተታል።