የጠፉት ነጥቦች የሰባተኛው ቀበሌ ናቸው

ጥያቄ፦ ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ከሰባት ቀበሌዎች የሰበሰብሁትን የስንዴ ምርት መረጃ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ግራፍ በሚሠራው የጂጂፕሎት 2 ፓኬጅ የነጥብ ግራፍ ሠራሁለት፤ አግድሙ የማሳው ከፍታ፣ ቁሙ በሄክታር የተገኘው ኩንታል ነው። ቀበሌዎቹን በቀለም ለይቼ ነበር፤ ዳሩ ግን በጥቁርና ነጭ ሲታተም ሁሉም ግራጫ ስለሆኑ አማካሪዬ በቅርጽ እንድለያቸው ነገሩኝ። እንዳሉኝ ባደርግ የአንዱ ቀበሌ ነጥቦች በሙሉ ከግራፉ ጠፉ። መረጃው ፋይሉ ውስጥ አለ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ያጠፉት ነገር የለም። ጂጂፕሎት 2 ቅርጾችን በራሱ ሲያድል ከስድስት አያልፍም፤ ከዚያ ከበዙ ለዓይን ያስቸግራሉ በሚል ሆን ተብሎ የተቀመጠ ገደብ ነው። እርስዎ ሌላ ቅደም ተከተል ካልሰጡት ቀበሌዎቹን በፊደል ተራ ስለሚያሰልፋቸው የተራው መጨረሻ ላይ ያለው ቀበሌ ቅርጽ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ቅርጽ የሌለው ነጥብ ደግሞ አይሣልም። ፕሮግራሙ ይህንን በማስጠንቀቂያ ይናገራል፤ ግራፉ ግን እንዲያም ሆኖ ስለሚወጣ ማስጠንቀቂያውን ልብ ብሎ የሚያነብ ጥቂት ነው።

መፍትሔው «ስኬል ሼፕ ማኑዋል» የተባለውን ትእዛዝ ጨምሮ የቅርጾቹን ቁጥር ራስዎ መስጠት ነው። (ሲጽፉት በላቲን ፊደል፣ በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ እያደረጉ ነው።) አር ከ0 እስከ 25 የተቆጠሩ ቅርጾች አሉት፤ ከ15 እስከ 20 ያሉት ውስጣቸው የተሞላ ሲሆን፣ ከ21 እስከ 25 ያሉት ለጠርዛቸው አንድ፣ ለውስጣቸው ሌላ ቀለም ይቀበላሉ። 16 እና 19 ሁለቱም የተሞሉ ክቦች ስለሆኑ በአንድ ግራፍ ላይ አያገናኟቸው።

እኔ ብሆን ቁጥሮቹን እንዲሁ በዘፈቀደ አላድላቸውም። ለምሳሌ አራቱ ቀበሌዎች ደጋ፣ ሦስቱ ወይና ደጋ ቢሆኑ፣ ለደጋዎቹ የተሞሉትን 15፣ 16፣ 17 እና 18፣ ለወይና ደጋዎቹ ባዶዎቹን 0፣ 1 እና 2 እሰጣለሁ፤ አንባቢው የቀበሌዎቹን ስም ከመፈለጉ በፊት ጥቁሩ ከነጩ ተለይቶ ይታየዋል። 18 ቁጥር ከሌሎቹ አነስ ብሎ ስለሚታይ ጥቂት ነጥብ ላለው ቀበሌ አይስጡት። እያንዳንዱን ቁጥር ከቀበሌው ስም ጋር በእኩል ምልክት አያይዘው ይጻፉ፤ አለዚያ ቁጥሮቹ በተራ ስለሚታደሉ የአንዱ ቅርጽ ለሌላው ሊደርስ ይችላል። ቀበሌዎቹን ከ1 እስከ 7 በቁጥር መዝግበዋቸው ከሆነ ደግሞ ቁጥሮቹ እንደ መጠን ሳይሆን እንደ ምድብ ስም እንዲቆጠሩ አስቀድመው «ፋክተር» በተባለው ትእዛዝ ይለውጧቸው፤ ተከታታይ ቁጥርን በቅርጽ ለማሳየት ፕሮግራሙ ፈቃደኛ አይደለም።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ሰባት ቅርጽ በአንድ ሥዕል ላይ ይበዛል። ነጥቦቹ ከተደራረቡ «ፋሴት ራፕ» በተባለው ትእዛዝ ለየቀበሌው አንዳንድ ትንሽ ግራፍ ጎን ለጎን ቢያወጡ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ለሁሉም 1 ቁጥር፣ ባዶው ክብ፣ ይበቃል።