«በ46 ዓመቴ ከጎረምሶች ጋር መጨፈሬ ቤቴን በጠበጠው»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪም ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፣ ተንቀሳቀስ አለኝ። ጂም ሞከርኩ፣ ሰለቸኝ። አንድ ቅዳሜ የ15 ዓመት ልጄ ጌም ዞን ውሰደኝ አለኝና አብረን ሄድን። እዚያ መርገጫው ላይ አራት ቀስት ያለበት የጭፈራ ማሽን አለ። ልጄ ካልወጣህ ብሎ ሙጭጭ አለ። ወጣሁ፤ በጣም ወደድኩት። አሁን ከሥራ መልስ በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ስኳሬም ወርዷል።

እዚያ ያሉት ሁሉ ከ13 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ‹ፋዘር መጣ!› ብለው ተራቸውን ይለቁልኛል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ‹ጋሼ፣ በረገጡ ቁጥር እግርዎን ወደ መሃል አይመልሱ› አለችኝ፤ ጨዋታዬ ያኔ ተለወጠ። ችግሩ የመጣው አንዱ ልጅ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ሲለጥፈኝ ነው። ትምህርት ቤት ልጄን ‹የዳንሰኛው ልጅ› ይሉት ጀመር። አብሮኝ ራት መብላት ትቷል፣ ጌም ዞንም አይሄድም። ባለቤቴ ‹ከልጆች ጋር ስትዘል አታፍርም?› ትለኛለች። እናቴ ሰው ቪዲዮውን አሳይቷት ከሞጣ ደወለች፤ ‹ልጄ፣ ምን አግኝቶህ ነው? ጸበል ግባ› ብላ አለቀሰች። ልተወው? ነው ወይስ ልቀጥል? ለመሆኑ ማፈር ነበረብኝ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። መልሴን ሳላዞር ልንገርዎ። ጨዋታውን አይተዉት። አሁን በያዙበት መንገድ ግን አይቀጥሉ።

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። በዚህ ዕድሜ መጨፈር የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ ሞጣ ሠርግ ላይ እስክስታ የሚመታ ጎልማሳ ግንባሩ ላይ ብር አይለጠፍለትም ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን ያውቁታል። ሩሯ ስትመታ ሎሌና ጌታ፣ ትልቅና ትንሽ እኩል የሚሆኑበት ሰዓት ነበር። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሽበት ያላቸው አባቶች ከወጣቶች ጋር ሲጋልቡ ዕድሜህን አክብር የሚላቸው የለም። አገራችን ትልቅ ሰው እንዳይጫወት ከልክሎ አያውቅም። ለሰው ዓይን አዲስ የሆነው የሚጨፍሩበት ቦታ ነው።

ጨዋታው ራሱም ቢሆን የትናንት ልጅ አይደለም። የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» የተባለውን ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ያኔ 15 ዓመቱ የነበረ ተጫዋች ዛሬ ከ40 አልፏል። በሌላ አገር ጌም ቤት ከታዳጊ ጋር ተራ የሚይዝ ጎልማሳ ማየት ብርቅ አይደለም።

«ሳቁብኝ» ያሉትን በተመለከተ አንድ ጥናት ላንሳ። በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ነው። ተማሪዎችን የሚያሳፍራቸውን ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ከዚያም ስንቱ ሰው ቲሸርቱን ያየው ይመስላችኋል ብለው ጠየቋቸው። ግማሽ ያህሉ ብለው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ገደማ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ እኛን የሚያይ ይመስለናል፤ አብዛኛው የሚያስበው ስለራሱ ነው። ልጆቹም የመጀመሪያ ቀን ሳቁ፣ ከዚያ ለመዱዎት።

ለሰውነትዎም ጥሩ ነገር አግኝተዋል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ እርስዎ ያለ ጭቅጭቅ ወደዚያ እየተጠጉ ነው። ለአእምሮም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም። ቀስቶቹ ከስክሪኑ ሥር ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከላይ ካለው ምልክት ጋር ሲገጥሙ፣ በሙዚቃው ምት፣ ትክክለኛውን መርገጥ ነው። ዓይን፣ ጆሮና እግር አንድ ላይ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከአካል እንቅስቃሴዎች መካከል የመርሳት በሽታ አነስ ብሎ የታየው ጭፈራ የሚያዘወትሩት ላይ ነበር። ጭፈራው ራሱ በሽታውን ከለከለ ለማለት ግን ጥናቱ አይበቃም። ደግሞ ጉልበትዎን ይጠብቁ። ቀለል ያለ ስኒከር ያድርጉ፣ ከኋላ ያለውን ብረት መያዝ ነውር አይደለም፣ ጎረምሶቹ የደረሱበት ደረጃ ላይ ዘለው አይውጡ። የስኳር መድኃኒት ጀምረው ከሆነ ምን ያህል እንደሚጨፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ስኳር ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ልጅዎ እንምጣ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ጉርምስና ሲጽፍ፣ ታዳጊ ልጅ ሁልጊዜ ተመልካች ፊት የቆመ ይመስለዋል ብሎ ነበር። ጫማው፣ ድምፁ፣ አባቱ ሁሉ መድረክ ላይ ያሉ ይመስለዋል። የእርስዎ ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ምናብ ብቻ አይደለም። ቪዲዮው በእርግጥ ታይቷል፣ ስም በእርግጥ ወጥቶለታል። ስለዚህ «ምን ያሳፍርሃል? ሰው ገደልኩ?» አይበሉት። ያመመውን አላመመህም ማለት ይሆናል።

ደብዳቤዎ ውስጥ «ጌም ዞንም አይሄድም» የሚል ነገር አለ። በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ያንን ቦታ ለእርስዎ ያሳየው ማነው? ልጅዎ ነው። ጌም ዞን ውሰደኝ ያለው፣ ካልወጣህ ብሎ ሙጭጭ ያለው እሱ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አባትና እናት የማያዩት፣ ጓደኞቹ ዘንድ የራሱ ስም ያለበት አንድ ቦታ ያስፈልገዋል። ዛሬ እዚያ ስም ያለዎት እርስዎ ነዎት። ፋዘር ተብለዋል፣ ተራ ይለቀቅልዎታል። እሱ ቤት ቀርቷል። ሌሎቹ ልጆች እርስዎን ሲያገኙ እሱ ቦታውን አጣ። ሆን ብለው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ቢሆንም መመለስ ያለበት ነገር ነው።

እንግዲህ ይመልሱለት። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ በሙሉ ይተዉለት። እርስዎ ከሥራ ቀናት ሁለቱን ይያዙ፤ ከተቻለ ተማሪዎች የማይበዙበትን ሰዓት ይምረጡ። ይህንን ሲነግሩት ምላሽ አይጠብቁ። ማዕድ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠውም አይንገሩት። የዚህ ዕድሜ ወንድ ልጅ ዓይን ለዓይን ሲያዩት ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይቀለዋል። ጣና ዳር ወክ ያድርጉ፣ ወይም ዕቃ ልንገዛ ብለው ይዘውት ይውጡ። «ቪዲዮው አንተ ላይ ምን እንዳመጣ ዘግይቼ ነው የገባኝ። ቦታው መጀመሪያ ያንተ ነበር። ከዚህ በኋላ ቅዳሜና እሑድ እዚያ አታየኝም» ይበሉት። ይኸው ነው። ዝም ካለ ዝም ይበል። በዚያው ቀን ራት ላይ ቢቀርብ ደስ ይለናል፤ ባይቀርብም አያስገድዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። የ14 ዓመት ልጅ ስታርምዎ መቀበልዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ጀማሪ ሁሉ በረገጠ ቁጥር እግሩን ወደ መሃል ይመልሳል፤ እርምጃው እጥፍ ይሆንበትና ይደክማል። የለመደው ግን እግሩን ቀስቱ ላይ እንደተወ በሌላኛው ይቀጥላል። በ46 ዓመት ይህንን ከልጅ መማር ትሕትና ይጠይቃል። ልጅዎን «እስቲ አስተምረኝ» ያሉት መቼ ነው? ስልክ አጠቃቀም ይሁን፣ እንግሊዝኛ ይሁን፣ አንድ የሚበልጥዎት ነገር አይጠፋም። ይጠይቁት።

ስለ ቪዲዮው፣ የለጠፈውን ልጅ ያናግሩት። ሳይቆጡ፣ ጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍሩት «አውርድልኝ» ይበሉት። እምቢ ካለ ቲክቶክ ላይ ያለፈቃድ የተለጠፈን ቪዲዮ ሪፖርት ማድረግ ይቻላል። ወደፊትም ሲጨፍሩ እንዳይቀረጹ በግልጽ ይናገሩ።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን የምጽፈው ስለምጠረጥርዎ አይደለም። ታዳጊዎች በበዙበት ቦታ ብቸኛው አዋቂ ሰው እርስዎ ነዎት። የነሱ ወላጆች ማነው ይህ ሰውዬ ብለው ቢጠይቁ እውነት አላቸው፤ እኔም ወላጅ ብሆን እጠይቃለሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአደባባይ ይሁን። ከልጆቹ ጋር በግል በስልክ መጻጻፍ ይቅር። ለአንዱ ለይቶ መጋበዝ፣ ቤቱ ድረስ በመኪና ማድረስ ይቅር። ያችን አስተማሪዎን ሁሉም ባሉበት አመስግኗት፣ በቃ። የጌም ዞኑን ባለቤት ይተዋወቁ፣ ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ሲያዩም ቀድመው ሰላም ይበሉ።

ተራውንም አይቀበሏቸው። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ሲያዩ ብድግ ማለት ያደጉበት ነው፤ ያስደስታል። ግን እዚያ የተገኙት እንደ ተጫዋች ነው። ሳንቲም አጠራቅሞ የመጣ ልጅ ለሽበትዎ ሲል ጨዋታውን ማጣት የለበትም። ደመወዝተኛ ስለሆኑ ካርድ ሞልተው ማሽኑን ሙሉ ምሽት መያዝ ይችላሉ፤ አይያዙት። ተሰልፈው፣ ተጫውተው፣ ይውረዱ።

ባለቤትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጠቀሷት። እሷን አልሰማሁም፤ ስለዚህ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በሥራዬ ግን «አታፍርም?» ከሚለው ቃል ሥር ብዙ ጊዜ የማገኘው ሌላ ቅሬታ ነው። «ውጭ ሲስቅ ያመሻል፣ እቤት ሲገባ ግንባሩን ይቋጥራል።» ሳምንት ውስጥ ሦስት ምሽት ትንሽ አይደለም። እርስዎ ማሽኑ ላይ ሲሆኑ እሷ የት ናት? ራት ማን ይሠራል? እሷስ የምታርፍበት ሰዓት አላት? «እኔ እዚያ ስሆን ያንቺ ምሽት ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቋት። ስትመልስ አይከራከሩ፣ ስኳሬ ወርዷል ብለውም አይመክቱ። አንድ ምሽት ለእሷ ይልቀቁላት፤ እርስዎ ቤት ይዋሉ፣ እሷ ትውጣ። አንድ ቀን አብረሽኝ ነይ ቢሏት ደግሞ አይከፋም። እምቢ ካለች ይተዉት።

እናትዎን በስልክ ብቻ አያስረዷቸው፤ ሞጣ ይሂዱ። የሰው ስልክ ላይ ልጃቸውን በቁራጭ ቪዲዮ ነው ያዩት። ዳንሰኛ የሚለው ስም በእሳቸው ዘመን ምን ይባልበት እንደነበር እርስዎም ያውቁታል። «እማዬ፣ ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎኝ ነው፤ ስኳሬም ወረደልኝ» ቢሏቸው ይገባቸዋል። ጸበል ያሉትንም አያጣጥሉ። አማኝ ከሆኑ አብረዋቸው ይሂዱ። ሁለቱ አይጣሉም።

መጨረሻ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ልጅዎን ለሁለት ሳምንት ያህል በደንብ ይከታተሉት። ቅዳሜ ቦታውን መልሰውለትም ከጓደኞቹ ከራቀ፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ ነገሩ ከእርስዎ ጭፈራ አልፏል። የክፍል ኃላፊ መምህሩን አነጋግረው ስድቡ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቁ። መኖር ሰልችቶኛል የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘውት ይሂዱ። ሲሄዱም ባለቤትዎ አብራችሁ ትሁን።